ከፎቶግራፉ ጠርዝ ውጭ የቀረው
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ፎቶግራፍ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፣ የተፈለገው ለካርታ ሥራ የሚያገለግለው የአየር ፎቶግራፍ መስሎኝ ማስታወሻዬን በዚያ መንገድ ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር። ኋላ ግን ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ ባለፈው ዓመት በሻይ ዕረፍት ላይ ያጫወትኩትን አንድ ታሪክ እንድደግመው የተፈለገ መሆኑን ነገረኝ። ታሪኩ እኔን የሚያስመሰግን አይደለም። ሆኖም በሥራችን ላይ በየጊዜው ከምናደርገው አንድ ልማድ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ በእናንተ ፊት ለማቅረብ ተስማማሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ የርክክብ ሪፖርት ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ያህል ሆኖኝ፣ ከሐርቡ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የገጠር ቀበሌ በሚካሄድ የምንጭ ማጎልበት ሥራ ላይ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ሆኜ ተመደብኩ። ሐርቡ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች፣ ሙቀት የማያጣት የቃሉ ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ እኔም የተወለድኩትና ያደግሁት በዚያው ነው። ስለዚህ ምደባውን እንደ ሽልማት ቆጠርኩት። ምንጩ ተገነባ፤ ውኃው በመስመር ወርዶ አራት ቧንቧ ካለው ቦኖ ደረሰ፤ የርክክቡም ቀን መጣ። በዚያን ቀን ካነሣኋቸው ፎቶግራፎች መካከል አንዱ እጅግ አማረልኝ። የሲሚንቶው ወለል ገና ነጭ ነው፤ ከቧንቧው የሚወርደው ውኃ በፀሐይ ያበራል። በቀኙ ጠርዝ በኩል ግን አንዲት ሴት ቆማ ተነሥታለች። ግራ እጅዋ በሻሽ ታሥሮ ከአንገትዋ ተንጠልጥሏል፤ በቀኝ እጅዋ ባዶ ጀሪካን ይዛለች። ፎቶግራፉን ለሪፖርቱ ሳዘጋጅ ይህን ጠርዝ ቆርጬ አስቀረሁት። በዚያን ሰዓት ክፉ ሐሳብ አልነበረኝም። የሪፖርት ፎቶግራፍ የሚያሳየው ሥራውን ነው፤ የተሰበረ እጅ የሥራው ክፍል አይደለም ብዬ ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ፣ ሥራዬን ላሳይ ብዬ ያልተቆረጠውን ፎቶግራፍ አወጣሁ። እናቴ ውኃውንም ሲሚንቶውንም አላየችም። ጣትዋን በጠርዙ ላይ አድርጋ፣ «ይቺ እኮ እጅዋ የተሰበረው በናንተው ውኃ ነው» አለችኝ።

የሆነው እንዲህ ነበር። ምንጩ በተጠናቀቀ በሁለተኛው ሳምንት፣ ገና ርክክብ ሳይደረግ፣ ቦኖው ለሙከራ ተከፍቶ ነበር። ጠባቂው በራሱ ምቾት ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከ9 እስከ 11 ሰዓት ይከፍተዋል። ሴቲቱ አንድ ቀን ጠዋት ወረፋው ሳይደርሳት 5 ሰዓት ሆነና ቦኖው ተዘጋ። ቀድሞ ትቀዳበት ወደነበረው ወንዝ ወርዳ እስክትመለስ ባልዋ ከእርሻ ገብቶ ምሳ አላገኘም። ዱላ አነሣ። ወጌሻ አሸላት፤ ሽማግሌዎች ገብተው አስታረቁ፤ ነገሩም በዚያው ተቀበረ።

እኔ ወደ ቢሮ ተመልሼ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ስሌቴን መመርመር ነበር። ስሌቱ ስሕተት ቢኖርበት ምናልባት ይቀልለኝ ነበር፤ ግን አልነበረበትም። ጥናቱ የተሠራው ለገጠር በቀን ለአንድ ሰው 15 ሊትር በነበረው መመዘኛ ሲሆን፣ ተጠቃሚዎቹ 60 ቤተ ሰብ፣ 360 ሰዎች ናቸው። ለእያንዳንዱ ቤት ባለ 20 ሊትር አምስት ጀሪካን ቢደርስ 300 ጀሪካን፣ ማለትም 6,000 ሊትር ነው፤ ይህም ከመመዘኛው በላይ ነው። አንድ ጀሪካን በ3 ደቂቃ ይሞላል፤ በአራት ቧንቧ፣ በቀን በአራት ሰዓት ውስጥ 320 ጀሪካን ይቀዳል። ውኃው ይበቃል ማለት ነው። ነገር ግን ሁሉም ሴቶች የሚመጡት ጠዋት ነው። በጠዋቱ ሁለት ሰዓት የሚቀዳው ደግሞ 160 ጀሪካን ብቻ ነው፤ ይኸውም ለ32 ቤት ይሆናል። የቀሩት 28 ሴቶች በየቀኑ ባዶ ጀሪካን ይዘው እስከ 9 ሰዓት ይጠብቃሉ፤ አለዚያም ወንዝ ይወርዳሉ። ይህን ለማወቅ ከደብተር አንድ ገጽ በላይ አያስፈልግም ነበር። እኔ የሊትሩን ጥያቄ ጠይቄ፣ የሰዓቱን ጥያቄ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ባልየው ጥፋተኛ አይደለም ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁንልኝ። ዱላውን ያነሣው እጅ የእርሱ ነው። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ፣ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊትን በአንቀጽ 564 ወንጀል አድርጎ ደንግጎታል። ሕጉ ግን የሚሠራው ነገሩ ሲወጣ ነው። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ትዳር ካዩ ሴቶች መካከል ከ100 ው 34ቱ ከባላቸው የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት ደርሶባቸዋል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ደግሞ ከ100 ው 66ቱ እርዳታም አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ፣ ባል በአንዳንድ ምክንያት ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ብለው የመለሱት ሴቶች ከ100 ው 63 መሆናቸው ነው። እንግዲህ ተመቺው ራስዋ ከፎቶግራፉ ጠርዝ ላይ ቆርጣ የምታስቀረው ነገር ነው ማለት ነው።

ይህን ሳስብ አንድ የቤተ ሰባችን ፎቶግራፍ ትዝ አለኝ። አክስቴ በወጣትነትዋ ደሴ በሚገኝ አንድ ፎቶ ቤት የተነሣችው ነው። ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከኋላዋ የተሳለ ባሕርና የዘንባባ ዛፍ አለ። (ባሕር በሌለበት በደሴ ብርድ ይህን ባሕር ማን እንደሳለው ሁልጊዜ ይገርመኛል።) አክስቴን የሚያውቃት ሁሉ በግንባርዋ ላይ የጣት ርዝመት ያለው ጠባሳ እንዳለ ያውቃል። በፎቶግራፉ ላይ ግን ጠባሳው የለም። የዚያ ዘመን ፎቶ ቤቶች ኔጌቲቩን በብርሃን ላይ አድርገው፣ ጫፉ በደንብ በተቀረጸ እርሳስ ጠባሳና ሽብሽብ ያጠፉ ነበር። በልጅነቴ ጠባሳው ከየት መጣ ብዬ ስጠይቅ «ወድቃ ነው» ይሉኝ ነበር። ወድቃ አልነበረም። እኔ በኮምፒዩተር የቆረጥኩትና ፎቶ አንሺው በእርሳስ ያጠፋው አንድ ዓይነት ነገር ነው ብዬ ለብዙ ጊዜ አምን ነበር። አሁን ግን በዚህ ላይ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ምክንያቱን ኋላ እመለስበታለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ወሎና ስለ ፎቶግራፍ ጥቂት ልበል፤ የእኛ አገር ሰው ከካሜራ ጋር የተለየ ዕዳ አለውና።

በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ በገባ ጊዜ፣ የገጠሩ ሰው ወደ አውራ ጎዳናው ወርዶ በመንገዱ ዳር ተቀምጦ ነበር። ያ መንገድ በሐርቡ መካከል የሚያልፈው ያው የአዲስ አበባና የደሴ መንገድ ነው። አባቴ በዚያን ጊዜ ልጅ ነበር፤ ስለዚያ ወራት ሲጠየቅ የሚናገረው ስለ መኪናዎቹ ነው፤ «ያልፉ ነበር» ይላል። መንግሥት ነገሩ እንዳይወራ አደረገ። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ተጉዘው ያነሡትን ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ላይ አሳዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» ብሎ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ታየ፤ ዓለምም ሰማ። እንግዲህ ካሜራው የተደበቀውን አወጣ ማለት እንችላለን። ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ1967 ዓ.ም. መባቻ፣ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን ከዙፋናቸው ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ በአገር ውስጥ ቴሌቪዥን አሳየ። እያንዳንዱ ምስል እውነተኛ ነበር። ቀጥሎ ምን እንደሚታይ የወሰነው ግን ካሜራው አልነበረም፤ ቆርጦ የቀጠለው ሰው ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም.፣ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከቆረም በመሐመድ አሚን ካሜራና በማይክል በርክ ዘገባ ሌላው ረሃብ ለዓለም ሲገለጥ፣ ይህንኑ ትምህርት የረሳነው ይመስለኛል። ገንዘብም እህልም መጣ፤ ብዙ ነፍስም ዳነ፤ ይህን የሚክድ የለም። የወሎ ሰው ግን በዓለም አልበም ውስጥ ስም የሌለው የተዘረጋ እጅ ሆኖ ቀረ። የመጨረሻ ቁናዋን ከጎረቤቷ ጋር የተካፈለችው ሴት በምስሉ ውስጥ የለችም፤ ምክንያቱም ማካፈል በሌሊት፣ በጓዳ የሚደረግ ነገር ነው።

እኛ መሐንዲሶች ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ብቻ ልብ እንድንል እፈልጋለሁ። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናቱ እንዳሳየው፣ በዚያ ረሃብ ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚታሰበው አልናረም፤ እንዲያውም ጥቂት እህል ከወሎ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይጫን ነበር። የገጠሩ ሰው የሚገዛበት አቅም ስላልነበረው፣ እህሉ አቅም ወዳለበት ሄደ። የሄደውም በዚሁ በሚደነቀው አውራ ጎዳና ላይ ነው። መንገዱ ማንንም አልመታም። ሆኖም በመንገዱ ዳር ለተቀመጠው ሰው በፊቱ የሚያልፈው ጭነት ምን ነበር? የኖርዌዩ ዮሐን ጋልቱንግ እ.ኤ.አ. በ1969 ዱላ የያዘ እጅ ሳይታይበት በአሠራር ውስጥ የተቀመጠ ግፍ አለ ብሎ ሲጽፍ የተናገረው ስለዚህ ዓይነቱ ነው። ስለ እኔ ቦኖም ይመስለኛል።

ታዲያ እጅ የማይታይበትን ግፍ በፎቶግራፍ እንዴት ያሳዩታል? ከሙያችን ቅርብ የሆነ ሰው ልጥቀስ። ሉዊስ ሃይን የተባለው አሜሪካዊ፣ ከዛሬ አንድ መቶ ዓመት ገደማ በፊት የኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ሲሠራ በብረት ላይ የቆሙትን ሠራተኞች ያነሣ ሰው ነው፤ ብዙዎቻችሁ ፎቶግራፎቹን ታውቃላችሁ። ከዚያ በፊት ግን፣ እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ፣ በፋብሪካና በማዕድን ጉድጓድ የሚሠሩ ሕፃናትን እየዞረ ያነሣ ነበር። ባለ ፋብሪካዎቹ ስለማያስገቡት ሌላ ሰው መስሎ ይገባል። ከሁሉ ይልቅ የወደድኩለት ነገር አለ፤ የካፖርቱ ቁልፎች ከመሬት ስንት ከፍታ ላይ እንዳሉ አስቀድሞ ለክቶ ያውቃል፤ ልጁ አጠገቡ ሲቆም የትኛው ቁልፍ ጋ እንደሚደርስ አይቶ ቁመቱን በኪሱ ባለው ወረቀት ይመዘግባል። ፎቶግራፉ ብቻውን ቢሆን ባለ ፋብሪካው «ልጁ ቀጭን ስለሆነ ነው እንጂ ትልቅ ነው» ሊል ይችላል። ቁመቱ፣ ዕድሜው፣ የሥራ ሰዓቱ በጎኑ ሲጻፍ ግን መውጫ የለውም። ይህ የመሐንዲስ ሥራ ነው።

በቤት ውስጥ ያለው ግፍ ከዚህም ይከብዳል። ናን ጎልዲን የተባለችው ሴት እ.ኤ.አ. በ1984 ወዳጅዋ ከደበደባት ከአንድ ወር በኋላ፣ ዓይንዋ ገና ደም እንደለበሰ፣ ከንፈርዋን ቀይ ቀብታ ራስዋን አነሣች። ፎቶግራፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ከዓይንዋ ይልቅ የከንፈሩ ቀለም ነበር የያዘኝ። ቀለሙን የተቀባችው ለማን ነው? መልሱን ገና አላገኘሁትም፤ ነገር ግን ሰው የተመታበት ቀን የሕይወቱ ሁሉ መጠሪያ እንዲሆን የማይፈቅድ መሆኑን የሚናገር ይመስለኛል።

ከእኛ አገር ሰዎች መካከል ደግሞ የአዲስ አበባን ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ትርኢት በ2003 ዓ.ም. የመሠረተችውን አይዳ ሙሉነህን አነሣለሁ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለንደን የታየውን፣ በአፋር በዳሎል የጨው ሜዳ ላይ ያነሣችውን፣ ስለ ውኃና ስለ ሴቶች የሚናገረውን ተከታታይ ሥራዋን ባየሁ ጊዜ፣ እውነቱን ልናገርና ተናድጄ ነበር። ሴቶቹ ፊታቸውን ቀለም ተቀብተዋል፤ ልብሳቸው ቀይና ሰማያዊ ነው፤ ሁሉ ነገር እንደ ሥዕል የተስተካከለ ነው። እኔ የማውቃቸው ወረፋ ላይ የቆሙት ሴቶች እንዲህ አያምሩም፤ ውኃ መቅዳት ውብ አይደለም ብዬ ነበር። ብዙ ቆይቼ ስመለስበት ግን፣ ያናደደኝ ሴቶቹ የማያሳዝኑ መሆናቸው እንደሆነ ገባኝ። እንዳዝንላቸው አይለምኑኝም፤ ቀጥ ብለው ቆመው ያዩኛል። በ1977 ዓ.ም. ፎቶግራፎች ዓይኔን ያስለመድኩ ሰው ስለሆንኩ፣ የወገኔን ሴት ያለ እንባ ማየት አቅቶኝ ነበር።

አሁን ወደ ቦኖው ልመለስ። ስሌቱን ይዤ ወደ ቀበሌው ሄድኩና ሴቲቱን በቤትዋ አገኘኋት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ እናቴንም ስለምታውቅ «እትዬ» እያልኩ ነው የምጠራት። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት፤ እርሷ ግን ከይቅርታዬ ይልቅ ስለ ሰዓቱ ነበር የምታወራው። እኔ ከመድረሴ በፊት ሥራው ግማሽ ሄዶ ነበር። ሴቶቹ ማታ ማታ ጀሪካናቸውን በተራ ደርድረው፣ በየጀሪካኑ ላይ ምልክት የሚሆን ድንጋይ አስቀምጠው መሄድ ጀምረዋል፤ ድንጋይ ያነሣ ሰው ለአንድ ሳምንት ወረፋ ያጣል። የቀራቸው ቁልፉ ነበር። እኔ ያደረግሁት ነገር ቢኖር ስሌቱን በአንድ ገጽ ጽፌ ለውኃ ኮሚቴው ማቅረብ ነው። ቦኖው ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እንዲከፈት፣ ቁልፉም ከሴቶቹ በተመረጡ ሁለት ሰዎች እጅ እንዲሆን ተወሰነ። አንድ ኪሎ ሲሚንቶ አልፈጀም። እርሷ ከሁለቱ አንዷ ሆነች። ባልዋ ዱላውን ስለ መተዉ ጠይቄያት፣ «ቁልፍ የያዘች ሴት መምታት ይከብዳል» ብላ ሳቀች፤ ከዚህ በላይ አልነገረችኝም፤ እኔም ይህን እንደ ድል ቆጥሬ ልነግራችሁ አልደፍርም።

ከዚያ በኋላ ላነሣት ፈቃድ ጠየቅሁ። ያ የቆረጥኩት ጠርዝ ሕሊናዬን ይወቅሰኝ ስለነበር፣ ፊትዋን በመካከሉ አድርጌ ማንሣት ፈለግሁ። «ፊቴን ምን ታደርግበታለህ ልጄ?» አለችኝ። «የማይታየው እንዲታይ» አልኳት። ጥቂት አሰበችና ከግድግዳው ላይ ጀሪካን የምታዝልበትን ገመድ አውርዳ ሰጠችኝ። «ይኼን አንሣ። ፊቴን ያየ ሰው እኔን ያውቃል፤ ባሌንም ያውቃል፤ ልጆቼንም ያውቃል። ይኼን ያየ ሰው ግን የሁላችንንም ያያል» አለች። ገመዱ ከትከሻ ላይ በሚያርፍበት ቦታ ላይ እንደ ቆዳ ለስልሷል፤ ሁለት ቦታ ተበጥሶ ተቋጥሯል። በነጭ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ በጎኑ ሜትር ዘርግቼ አነሣሁት። ርዝመቱ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ከቤት እስከ ወንዝ ያለው ርቀትም ተጽፎበታል። ይህ ፎቶግራፍ ከዚያ ወዲህ በሠራኋቸው የውኃ ጥናቶች ሁሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ። አንዳንድ ኃላፊዎች ምን እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ እኔም የንድፉ መነሻ ነው እላቸዋለሁ።

ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ ማቅረብ እወዳለሁ። የሥራ ሪፖርት ፎቶግራፎቻችን የተነሡበት ሰዓት ይጻፍባቸው፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ባዶ የሆነ ቦኖ በንጋት ምን እንደሚመስል አይነግረንምና። በምስሉ ውስጥ የገባ ሰው ካለ ሳይቆረጥ ዋናው ይቀመጥ፤ ሰውየው ወይም ሴቲቱ ሳይፈቅዱ ግን ለሕዝብ አይውጣ። እነዚህ ሁለቱ የሚጋጩ የሚመስሏችሁ ካላችሁ፣ እውነት ነው፣ ይጋጫሉ፤ እኔም በየጊዜው እየተቸገርኩ ነው የምሠራው። ዩጂን ስሚዝ በጃፓን አገር በሚናማታ፣ ከፋብሪካ ወደ ባሕር በፈሰሰ ሜርኩሪ የተጎዳችውን ልጅ እናትዋ በገንዳ ስታጥባት ያነሣው ፎቶግራፍ ግፉን ለዓለም ካሳወቁት አንዱ ነው። ልጅቱ ከሞተች ከዓመታት በኋላ ወላጆችዋ ምስልዋ እንዲያርፍ ስለፈለጉ፣ የሥራው ተካፋይና ባለ መብት የሆነችው አይሊን ስሚዝ ለብዙ ዓመታት እንዳይታተም አደረገች። ትክክል አደረገች እላለሁ፤ ፎቶግራፉ ባይነሣ ኖሮስ ብትሉኝ መልስ የለኝም።

ስለ አክስቴ ፎቶግራፍ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ፣ አክስቴ ከኮምቦልቻ በእግርዋ ወጣች። ከቤትዋ ይዛ የወጣችው ጥቂት ልብስ፣ የቤቱን ካርታና ያንን ፎቶግራፍ ነው፤ ከመስታወቱ አውጥታ በነጠላ ጠቅልላው ነበር። ስትመለስ ከቤቱ ብዙ ነገር አልጠበቃትም፤ ፎቶግራፉ ግን ተመልሶ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ጠባሳ የሌለበት ያ ፊት ለእርሷ ውሸት ነበር ለማለት ከዚያ ወዲህ ድፍረቱን አጣሁ።

ባለፈው ዓመት እትዬ ልጅዋ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትጨርስ ኮምቦልቻ ወስዳ አብረው ፎቶ ለመነሣት ፈለገች፤ እኔም በመኪና አደረስኳቸው። አዲስ ልብስ ለብሰው፣ ተያይዘው ተነሡ። ፎቶ አንሺው ወጣት ልጅ ነው፤ ምስሉን በኮምፒዩተሩ ላይ አሳየንና በቅንድብዋ ላይ ያለውን ምልክት በጣቱ እያመለከተ፣ «ይጥፋ እናቴ ወይስ ይቅር?» ሲል ጠየቃት። እኔ በልቤ «ይቅር» ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። እርሷ ግን ወዲያው «አጥፋው» አለችው። አጠፋላት። ሒሳቡን ልክፈል ብላት እምቢ ብላ፣ ከመቀነትዋ ፈትታ ራስዋ ከፈለች።